አባባ ሆስፒታል ያደሩ ዕለት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆቹስ? አባባ ደህና ናቸው። ዛሬ ጠዋት ቡናው ቀጠነ ብለው ሲነጫነጩ ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ምልክት አለ?

በስልክ ተቆጥተሽኛል። «ኢንሹራንሳቸውን የሚቀበል ሐኪም ሳትፈልጊ እንዴት ሆስፒታል ይዘሻቸው ሮጥሽ?» አልሽኝ። ዕዳ ፈርተሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን እትዬ፣ ድንገተኛ ክፍል ሐኪም አይመረጥም። ተረኛው ያያል፣ በቃ። ሜዲኬር፣ ማለትም የአባባን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ካለው የመጣውን ሰው ሁሉ፣ ገንዘብ ኖረውም አልኖረውም፣ መርምሮ ማረጋጋት አለበት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ሕግ ነው። መጀመሪያ ማስያዣ ክፈሉ የሚል የለም።

አስተርጓሚም በነጻ በስክሪን አቀረቡላቸው። ሐኪሟ «ሕመሙን ከአንድ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል?» ስትላቸው፣ ደረታቸውን እንደያዙ «ተመስገን ነው» አሉ። አስተርጓሚው ቃል በቃል አደረሰላት። ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። ዘጠኝ አልኳት።

ፓርኪንግ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርተው ግብር ስለከፈሉ ሜዲኬሩን ያገኙት በ65 ዓመታቸው ነው። ሂሳቡ ለየብቻ ይመጣል፤ የሆስፒታሉ አንድ፣ የሐኪሟ ሌላ። በዓመት መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለው ካለቀ በኋላ፣ ከሐኪሟ ሂሳብ ሜዲኬር 80 በመቶውን ይሸፍናል። ቀሪው የእኛ ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። አልጋ ይዘው፣ የሆስፒታል ልብስ ለብሰው አድረው እንኳ ወረቀቱ ላይ «ክትትል» ከተባለ እንደ ተመላላሽ ታካሚ ነው የሚቆጠሩት። ቀልድ ይመስላል። ኋላ ማገገሚያ ተቋም ቢያስፈልጋቸው ግን፣ መደበኛው ሜዲኬር የሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ቀን በተኝቶ ታካሚነት ከቆዩ ነው። የክትትሉ ሌሊት አይገባበትም። ነርሷን እስክትሰለቸኝ ጠየቅኳት። ክትትል ነው አለች። ደግነቱ ለክፉ የሚሰጥ ሳይገኝባቸው በማግስቱ ወጡ፤ የልብ ሐኪም ይያቸው ተባለ።

ሐኪም ፍለጋው አሁን ነው እንግዲህ። «ሜዲኬር ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ሜዲኬር የተመነውን ዋጋ እንደ ሙሉ ክፍያ ትወስዳላችሁ ወይ?» ማለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ እስከ 15 በመቶ ሊጨምሩበት ይችላሉ። አንዱ ቢሮ አዲስ ታካሚ አንይዝም አለኝ። ሌላው ቀጠሮ ሰጥቶናል።

ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ እያሉ ነው። ሜዲኬር ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው አይሠራም፤ የጉዞ ኢንሹራንስ እገዛላቸዋለሁ። አንቺ የድሮውን የደም ግፊት ምርመራ ወረቀታቸውን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ከቀጠሮው በፊት ይድረሰኝ፣ አደራ።

እህትሽ