የጥር ወሩ የቅድመ አንደኛ መምህራን ሥልጠና ለማን ነበር? ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

በአደባባይ የምጽፍልዎ ሦስት ማመልከቻዬ መልስ ስላጣ ነው። ሁለቱን በርዕሰ መምህራችን በኩል ላክሁ። ሦስተኛውን ራሴ ወረዳ ድረስ መጥቼ መዝገብ ቤት አስገባሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ትጠሪያለሽ» ተባልሁ። እስካሁን አልተጠራሁም።

እኔ አራተኛ ክፍል ነበር የማስተምረው። ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ «ሕፃን ይዘሽ ስለሆነ ይቀልሻል» ተብዬ «ኦ» ክፍል፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የሕፃናት ክፍል፣ ተመደብሁ። የሕፃናት ክፍል የደከመውና ጡረታ የቀረበው ሁሉ የሚመደብበት ማረፊያ የሆነው መቼ ነው?

አምና አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረኝ። የመንዝ ብርድ አይጣል ነውና ጠዋት ጠዋት በአያቱ ባና ተጠቅልሎ ይመጣል። ስጠራው አይመጣም። «ተነሡ» ስል እሱ ተቀምጦ ይቀራል፤ ሌሎቹ ሲነሡ አይቶ ነው የሚነሣው። ስናገር ዓይኑን ከአፌ ላይ አይነቅልም። እልኸኛ መሰለኝ። ግድግዳ ሥር አቆምሁት፤ ያውም አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ሚያዝያ ላይ አያቱ ሊወስዱት መጥተው ከኋላው ቢጠሩት ዞር አላለም። ትከሻውን ነካ አደረጉትና «ልጄ፣ ጆሮው ከፈሰሰ ወዲህ እኮ ደህና አይሰማም፤ አልነገሩሽም?» አሉኝ። ለካ አፌን የሚያየው ለመስማት ነበር። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ሰባት ወር የቀጣሁት ባለመስማቱ ነው። ይህን እስካሁን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

የማይሰማን ልጅ ከእልኸኛ መለየት፣ እርሳስ ይዞ የማያውቅን ጣት በጭቃና በጠጠር ማፍታታት፣ ፊደልን በጨዋታ ማስያዝ ሙያ ነው፤ ካልተማሩት አይገኝም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎ የትምህርቱ እርከን መነሻ ላይ አስቀምጦታል። ይህን እርስዎ ያውቁታል፤ በነሐሴው ስብሰባ ራስዎ ነዎት ያነበቡልን።

አምና ጥር ላይ ለቅድመ አንደኛ መምህራን ደብረ ብርሃን የአምስት ቀን ሥልጠና ነበር። ከትምህርት ቤታችን አንድ ሰው ተፈለገ። የሄደው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነው፤ ከሕፃናት ጋር አንድ ክፍለ ጊዜ ውሎ አያውቅም። አበሉን ተቀብሎ ተመለሰ፤ የሥልጠናው ጽሑፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። በስንት ልመና ሰኔ ላይ እጄ ሲገባ፣ ሕፃን የመስማት ችግር እንዳለበት በምን እንደሚታወቅ የሚናገር ገጽ አገኘሁ። አፍ አፍ ማየት። ሌሎች ሲነሡ አይቶ መነሣት። ሁሉም ተጽፏል። ሥልጠናው ሲሰጥ ያ ልጅ ግድግዳ ሥር ቆሞ ነበር።

ምክትሉን የላከው ደብዳቤ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።

ልጁ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ፊት ወንበር ላይ እንዲያስቀምጠው መምህሩን ለምኛለሁ። እርስዎ ደግሞ የሚቀጥለው የሠልጣኞች ስም ዝርዝር ሲቀርብልዎ ከየስሙ ጎን የሚያስተምረው ክፍል ይጻፍበት ይበሉ። ሕፃናት የማያስተምር ሰው ካለበት አይፈርሙ።

የ«ኦ» ክፍል መምህርት፣ ሰሜን ሸዋ