ኢሜይል ሲመለስ መጀመሪያ ሎጉ ይነበብ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የሜይል ሰርቨር ሲያስቸግር ቶሎ የሚሰነዘረው ምክር «ፋየርዎሉን አጥፋው፤ ካልሆነም እንደ አዲስ ጫነው» የሚል ነው። ሰርቨሩ ግን መልእክቱ ለምን እንዳልሄደ ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል። ቅንብር ከመነካቱ በፊት ሎጉ (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ይከፈት።

እዚያ የሚፈለገው ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ነው። በ4 ከጀመረ ተቀባዩ «ቆይተህ ሞክር» እያለ ነው። 450 ብዙ ጊዜ የግሬይሊስቲንግ (የማይታወቅን ላኪ ለጊዜው መልሶ የማስጠበቅ ዘዴ) ውጤት ስለሆነ መታገስ ይበቃል፤ ፖስትፊክስ (የሜይል መላኪያው ሶፍትዌር) ቅንብሩ ካልተቀየረ በስተቀር እስከ 5 ቀን ደጋግሞ ይልካል። በ5 ከጀመረ እምቢታው የቁርጥ ነው፤ ምክንያቱ ሳይስተካከል ደግሞ መላክ ከንቱ ነው። ቁጥር ጭራሽ ከሌለና ግንኙነቱ ጊዜው አልፎ ከተቋረጠ፣ ከሰርቨሩ ላይ ሆኖ ወደ ሌላ የሜይል ሰርቨር ፖርት (የግንኙነት በር) 25 በቴልኔት (የግንኙነት መሞከሪያ ትእዛዝ) መሞከር ነው። በ220 የሚጀምር ሰላምታ ካልመጣ መንገዱ ላይ የዘጋ አለ፤ ብዙ የኢንተርኔትና የክላውድ አቅራቢዎች ይህን ፖርት ይዘጋሉ። ያኔ ፖስትፊክስን መጎርጎር ትርፉ ድካም ነው።

ፖርት 25 ሰርቨር ከሰርቨር የሚነጋገርበት ነው። ተጠቃሚው የሚልከው በ587 በስታርትቲኤልኤስ (ግንኙነቱ ከተጀመረ በኋላ ወደ ተመሰጠረ በሚቀይር ትእዛዝ)፣ ወይም በ465 ከመጀመሪያው በተመሰጠረ መስመር ነው። 465 ተሞልቶ ስታርትቲኤልኤስ ከተመረጠ ሁለቱም ወገን አንዱ የሌላውን ቃል ሲጠብቅ ፕሮግራሙ ደርቆ ይቀራል።

«ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» (ለሌላ ማስተላለፍ ተከልክሏል) የሚለው 554 ሲመጣ የታመኑ ኔትወርኮች ዝርዝር ውስጥ 0.0.0.0/0 (ማንኛውም አድራሻ ማለት ነው) የሚጽፉ አሉ። ስህተቱ በርግጥ ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ግን ለዓለም አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ሁሉ ክፍት ይሆንና ብዙም ሳይቆይ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ተጠቃሚው በ587 የይለፍ ቃሉን አስገብቶ እንዲልክ ማድረግ ነው።

መልእክቱ ደርሶ ስፓም ውስጥ ከወደቀ ነገሩ ወደ ዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሞች መዝገብ) ይዞራል። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ላኪዎችን አጥብቀው ይፈትሻሉ። ለአንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ (በዶሜይኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) ካለ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ፤ ወደ አንድ ይጠቃለሉ። አንድ መዝገብ ደግሞ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ፍለጋ ካስነሳ ይወድቃል፤ በቀጥታ የተጻፈ የአይፒ ቁጥር ግን አይቆጠርም። የ2048 ቢት የዲኪም (የመልእክት ዲጂታል ፊርማ) ቁልፍ በአንድ ጥቅስ ውስጥ ከሚፈቀደው 255 ፊደል ስለሚበልጥ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። ከተፈረመ በኋላ «ይህ መልእክት ምስጢራዊ ነው» የሚል ግርጌ የሚጨምር ማጣሪያ ካለም ፊርማው ይበላሻል፤ ፊርማው መጨረሻ ላይ ይሁን። ፒቲአር (ከአይፒ ቁጥር ወደ ስም የሚመራው መዝገብ) የሚስተካከለው ዶሜይኑ በተገዛበት ሳይሆን የአይፒው ባለቤት ዘንድ ነው፤ ስሙም ወደዚያው አይፒ መመለስ አለበት። ይህን ብዙዎች የተሳሳተ ቦታ ላይ ሲፈልጉት ይከርማሉ።

የምስጠራ ሰርተፊኬቱ በራሱ ታድሶ እያለ ተጠቃሚዎች «ጊዜው አልፏል» ከተባሉ፣ ዶቭኮት (ተጠቃሚዎች ሜይላቸውን የሚያነቡበት የሰርቨር ሶፍትዌር) አሮጌውን እንደያዘ ነው፤ ሪሎድ (ቅንብሩን ዳግም ማስነበብ) ይበቃዋል።

የዲኤንኤስ ለውጥ ሲታሰብ ቲቲኤሉ (መዝገቡ በሌሎች ሰርቨሮች ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ) ከአንድ ቀን በፊት ከ86400 ወደ 300 ሰከንድ ይውረድ። አለበለዚያ ትክክለኛው ማስተካከያ ለ24 ሰዓት ያህል ያልሠራ ሊመስልና ሳያስፈልግ ሊሻር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሜይል ሰርቨር አስተዳዳሪዎች