ለአሮጌ ሞተር ወዳጆች ማኅበር አባላት፦ የሞተር ማስነሻውን እጀታ ከመያዛችሁ በፊት

ውድ አባላት፣

በእንግሊዝ ደርስሊ ከተማ ይመረት የነበረው፣ በእጅ እጀታ የሚነሳው ባለ 6 የፈረስ ጉልበት ሊስተር የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ ስለሚዞር፣ እያንዳንዱ ምቱ ለብቻው ይሰማል። ያን ድምፅ ከዓመታት ዝምታ በኋላ ያስነሳ ሰው ሁለተኛ ሞተር ሳይፈልግ አይቀርም፤ እኔም ፈልጌአለሁ።

ነገር ግን አደራ! እጀታውን ስትይዙ አውራ ጣታችሁ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ፣ በሌላኛው ወገን ያለ አውራ ጣት ሊሰበር ይችላል። ሞተሩ እንደተነሳ እጀታውን አውጡት፤ ዘንጉ ላይ ከቀረ ተወርውሮ ሰው ሊመታ ይችላል። የምትለብሱት ነጠላም ሆነ ልቅ ጃኬት በሞተሩ ጎን ከሚሽከረከረው ከባድ የብረት መንኮራኩር ይራቅ፤ ነዳጁ ቢዘጋ እንኳ መንኮራኩሩ ወዲያው አይቆምም።

በእጅ የሚዞሩ የድሮ የበቆሎ መፈልፈያዎችም ብዙውን ጊዜ ጥርሳቸው መከለያ ስለሌለው ከልጆች ይራቁ።

ቅዳሜ እጀታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አያያዙን በየተራ እንለማመዳለን።