ግልጽ ደብዳቤ፦ ቫይረስን ለሚቋቋሙ ሰብሎች የሚሰጥ ፈቃድ ቫይረሱንም ይመልከት

ለእፅዋት ጤናና ለልውጥ ሕያዋን ቁጥጥር ኃላፊዎች

ክቡራን ኃላፊዎች፦

ይህን የምጽፍላችሁ በእፅዋት ቫይረስ ምርመራ ሥራ ላይ ያለሁ ባለሙያ ነኝ። ቫይረስን እንዲቋቋሙ ተደርገው የተዘጋጁ ሰብሎች ለፈቃድ ሲቀርቡላችሁ፣ ወደ ሰብሉ የገባውን ዘረመል ብቻ ሳይሆን በሚዘራበት አካባቢ ያለውን የቫይረሱን ሽፋን ፕሮቲን (ቫይረሱን ከውጭ የሚያለብሰውን ፕሮቲን) ጭምር እንድትመረምሩ፣ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላም ቫይረሱ በየወቅቱ እንዲፈተሽ እንድታዝዙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ማሳ ላይ ያለን ተክል ከቫይረስ የሚፈውስ መድኃኒት የለም። ገበሬው ያለው አማራጭ የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል፣ ቫይረሱን የሚያዛምቱትን ነፍሳት መከላከል ወይም ከመነሻው በሽታውን የሚቋቋም ዘር መዝራት ነው። ሽፋን ፕሮቲኑ በዚህ ሁሉ ውስጥ አለበት። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ 300 ናኖሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ሲሆን፣ የዘር መረጃውን የያዘውን አንድ የአርኤንኤ ክር 2,130 ያህል ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ተደርድረው ይሸፍኑታል፤ እያንዳንዳቸውም ከ158 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች) የተሠሩ ናቸው። ፓፓያንና ዱባን በሚያጠቁት የፖቲቫይረስ ወገኖች ደግሞ በሽፋኑ ጫፍ ላይ ያሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች ክሽክሽ ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል መውሰድ መቻሏን ይወስናሉ። በላቦራቶሪያችን የኤላይዛ (ቫይረስን በፀረ እንግዳ አካል የሚለይ ምርመራ) ሳህን ላይ የታመመው ቅጠል ጭማቂ ያለበት ጉድጓድ ወደ ቢጫ ሲለወጥ የምናየውም፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ይህንኑ ሽፋን አግኝቶ መያዙን ነው።

በለዘብተኛ የቫይረስ ዝርያ የተያዘ ተክል ከባዱን ዝርያ እንደሚቋቋም ከ1929 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ ይታወቃል። በ1986 ደግሞ የሽፋኑን ዘረመል ብቻ የተቀበለ ትምባሆ በሽታው እንደሚዘገይበት ወይም ጨርሶ እንደማይዘው ታየ። ከዚያ በኋላ የተገኘው ግን ለእናንተ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ከዘረመሉ ምንም ፕሮቲን እንዳይሠራ የተደረገባቸው ተክሎችም ቫይረሱን ተቋቋሙ። ተክሉ የገባውን የዘረመል ቅደም ተከተል (የዘረመሉን ፊደላት አደራደር) መነሻ አድርጎ ትናንሽ የአርኤንኤ ቁርጥራጮችን ያዘጋጃል፤ በእነሱም እየተመራ ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ያለውን የቫይረስ አርኤንኤ ይቆራርጣል። በትምባሆው ሞዛይክ ቫይረስ ላይ ፕሮቲኑ ራሱ ቫይረሱ ሽፋኑን እንዳይጥል ሲያግድ፣ በሌሎች ብዙ ሰብሎች ላይ ግን ሥራውን የሚሠራው አርኤንኤው ነው። ስለዚህ ሰብሉ ቫይረሱን በየትኛው መንገድ እንደሚቋቋም አመልካቹ ሳይጠየቅ ስለ ፕሮቲኑ መርዛማነት ብቻ የሚሞላ ቅጽ፣ ዋናውን ጥያቄ ሳያነሳ ያልፋል።

ዋናው ጥያቄ የገባው ዘረመልና በማሳው ያለው ቫይረስ በቅደም ተከተል መመሳሰላቸው ነው፤ ይህን የሃዋይ ፓፓያ በግልጽ ያሳያል። የቀለበት ነቁጥ ቫይረስ የያዘው ፓፓያ ቅጠሉ ይዥጎረጎራል፣ በአገዳውና በቅጠሉ ዘንግ ላይ ዘይት የነካው የሚመስል ጭረት ይወጣበታል፣ ፍሬው ላይም ቀለበት የመሰሉ ምልክቶች ይታያሉ። ቫይረሱ በ1992 በፑና ወረዳ ከተገኘ በኋላ የወረዳው ምርት በስድስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ወረደ። በ1998 ለገበሬዎች የተሰጡት ሰንአፕና ሬይንቦው የተባሉት ዝርያዎች እርሻውን ታደጉት፤ የገባባቸው የሽፋን ዘረመልም ከዚያው ከሃዋይ ቫይረስ የተገኘ ነበር። ይሁን እንጂ የዘረመሉን አንድ ቅጂ ብቻ የያዘው ሬይንቦው ከሌሎች አገሮች በመጡ የቫይረሱ ዝርያዎች ሲፈተን ታመመ፤ ሁለት ቅጂ ያለው ሰንአፕ ግን ከእነዚያ ብዙዎቹን ተቋቋመ። በአንድ ቦታ በተደረገ ሙከራ ላይ ተመርኩዞ ለሌላ ቦታ ፈቃድ መስጠት ገበሬውን አደጋ ላይ ይጥላል የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄዬ በልውጥ ሕያዋን ላይ ብቻ የተወሰነ እንዳይመስላችሁ። በተለመደው ማዳቀል ወደ ድንች የገባው አርኤክስ የተባለ ዘረመል የድንች ኤክስ ቫይረስን የሚለየው በሽፋን ፕሮቲኑ ነው፤ በሽፋኑ ላይ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ከተለወጡ ቫይረሱ ሳይታወቅ ያልፋል። የቃሪያም ኤል የተባሉት ዘረመሎች እንዲሁ ናቸው።

ስለሚነሱት ስጋቶች በቅንነት መነጋገር ይገባናል። አንድ ቫይረስ ተክሉ ያመረተውን የሌላ ቫይረስ ሽፋን ለብሶ በነፍሳት ሊወሰድ ይችላል፤ አርኤንኤው ግን ስላልተለወጠ ይህ ጠባይ ወደ ቀጣዩ ትውልድ አይተላለፍም። የቫይረስ አርኤንኤ ከተክሉ አርኤንኤ ጋር ሊዳቀል እንደሚችልም በ1994 በላቦራቶሪ ታይቷል። ይህ ችላ የሚባል አይደለም፤ ሆኖም ሁለት ቫይረሶች አንድን ተክል በአንድነት ሲያጠቁ በተፈጥሮም የሚሆን ነገር ነው። ስለዚህ አመልካቹ ከቫይረሱ ዘረመል የትኛውን ክፍል ሳያስገባ እንደተወና ለምን እንደተወ መጠየቅ፣ በጅምላ ከመከልከል የተሻለ ጥበቃ ነው ብዬ አምናለሁ። በተፈጥሮ የታመሙ አትክልቶችን የሚበላ ሰው ሁሉ ይህን ሽፋን ፕሮቲን አብሮ እንደሚበላም መዘንጋት የለበትም።

ስለዚህ ከፈቃድ በፊት ሰብሉ ከሚዘራባቸው አካባቢዎች ሁሉ የቫይረሱ ናሙና ተሰብስቦ የሽፋኑ ዘረመል እንዲነበብና ውጤቱ ለአዳቃዮች ሁሉ ክፍት እንዲሆን እጠይቃለሁ። በፖቲቫይረሶች ይህ ዘረመል ከ1,000 ኑክሊዮታይድ (የዘረመል ፊደል) በታች ስለሆነ ንባቡ ከአቅም በላይ አይደለም። ከፈቃድ በኋላም በተቋቋሚው ሰብል ማሳ ላይ ምልክት ያሳየ ተክል ሁሉ ወደ ምርመራ ይላክ፤ ወጪውን በዋናነት የፈቃዱ ባለቤት ይሸፍን። የዘር ከረጢቱም ላይ ዘሩ የሚቋቋመው የትኛውን ቫይረስ እንደሆነ በስም ይጻፍ። በ1994 በአሜሪካ የተፈቀደው ዱባ ሁለት ቫይረሶችን ሲቋቋም የኪያር ሞዛይክ ቫይረስን ግን አይቋቋምም ነበር፤ ሦስቱንም የሚቋቋም የተፈቀደው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። «ቫይረስ አይዘውም» ተብሎ የተሸጠለት ገበሬ ማሳው በሌላ ቫይረስ ሲወድምበት የሚጠይቀው እናንተን ነው።

እነዚህ ነጥቦች በቀጣዩ የመመሪያ ማሻሻያ ላይ በአንቀጽ ደረጃ እንዲካተቱ፣ የማይካተቱ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ለሕዝብ እንዲገለጽ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የእፅዋት ቫይረስ ምርመራ ባለሙያ