ሁለተኛው ሲዲ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የከተማችን ብርድ ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ ስለሚያስገባ እኛ ፊልም የምናየው ጋቢ ደርበን፣ ቡና ተፈልቶ፣ በሲዲ ነው። እንደ እኛ ያለው ተመልካች ስለሚያየው ፊልም ምን እንደሚል ግን የሚጠይቀው የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እናቴ የፊልሙ ልጅ ከአባቷ ጋር ልትገናኝ ነው ብለው በጉጉት ሲጠብቁ ሁለተኛው ሲዲ ላይ ምስሉ ተቆራርጦ ቆመ። በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፤ መልሰን ብንከተውም ወይ ፍንክች! አውጥቼ ሳየው ስሙ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ግልባጭ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው! የተጎዳው ባለሙያው ብቻ አይደለም፤ እናቴም መጨረሻውን ሳያዩ ተኙ።

ደህናው ሲዲም ቢሆን ችግር አያጣም። ተዋናዮቹ ቁም ነገር ሲያወሩ ሙዚቃው ይውጣቸዋል። ድምፁን ከፍ ስናደርግ ሙዚቃው ቤቱን ያናውጠዋል፤ ዝቅ ስናደርግ ንግግሩ ይጠፋል። እናቴ «ምን አለ?» ባሉ ቁጥር እኔ አስተርጓሚ እሆናለሁ፣ በገዛ ቋንቋችን! የድምፅ ባለሙያዎች ሥራቸውን ከማሳተማቸው በፊት በተራ ቴሌቪዥን ቢያዳምጡት ምን አለበት?

ተከታታይ ድራማን በሲዲ ማየት ግን እወዳለሁ፤ ሳምንት መጠበቅ የለም። ያለፈው ክፍል በየመጀመሪያው ባይደገም ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር።

ለእንዲህ ያለው አስተያየት በየሳምንቱ ጥቂት መስመር እንድትሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ
ከደብረ ብርሃን