ለሆርንና ለፒያኖ ተጫዋቾች፦ የቀጣዩ ልምምድ ኖታዎች

ውድ አባላት፣

ለቀጣዩ ልምምድ ሦስት ሥራዎች መርጠናል፤ የቤትሆቨን ሶናታ (ሥራ ቁጥር 17)፣ የሹማን አዳጆና አሌግሮ (ሥራ ቁጥር 70) እንዲሁም የፑሌንክ ኤሌጂ (የሐዘን ሙዚቃ)። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1800፣ 1849 እና 1957 ናቸው።

ቤትሆቨን ሶናታውን የጻፈው ለዝነኛው ሆርን ተጫዋች ለጆቫኒ ፑንቶ ነው። ያኔ ሆርን ቫልቭ (በጣት የሚጫን የድምፅ መቀየሪያ) ስላልነበረው የጎደሉት ድምፆች የሚወጡት እጅን ድምፅ በሚወጣበት ሰፊ የመሣሪያው አፍ ውስጥ በማንቀሳቀስ ነበር። ፒያኖ ተጫዋቾች ራሳችሁን እንደ አጃቢ አትቁጠሩ፤ ድርሻችሁ ከሆርኑ እኩል ነው።

በብርቱ የማሳስባችሁ ስለ ሹማን ነው። ሥራው ለቫልቭ ሆርን የተጻፈ ድንቅ ነገር ነው፤ ከንፈርን ግን ያደክማል። በዝግተኛው አዳጆ ሆርኑ እምብዛም አያርፍም፤ ፈጣኑ አሌግሮም ወዲያው ይከተላል። እባካችሁ ከፋፍላችሁ ተለማመዱ፤ ሙሉውን በአንድ ቀን ደጋግማችሁ አትንፉት። ሹማን በሆርኑ ፈንታ ቼሎ ወይም ቫዮሊን እንዲጫወተው ስለፈቀደ አንዳንድ እትሞች የእነርሱን ኖታም ይዘዋል። እናንተ በኤፍ (F) ቃና የተጻፈውን የሆርን ኖታ ያዙ። የኤፍ ሆርን ከተጻፈው በአምስተኛ ርቀት ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ የቼሎውን ኖታ እንዳለ ብትነፉት ከፒያኖው ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

ኤሌጂው በ1957 በመኪና አደጋ ለሞተው ለእንግሊዛዊው ሆርን ተጫዋች ለዴኒስ ብሬን መታሰቢያ የተደረሰ ነው። ፑሌንክ ያረፈው በ1963 ስለሆነ በአውሮፓ የቅጂ መብቱ ገና አላበቃም። ስለዚህ ኖታውን ግዙት እንጂ ፎቶ ኮፒ አትለዋወጡ።

ከማን ጋር ተጣምራችሁ የትኛውን እንደምትጫወቱ እስከ እሑድ አሳውቁን።