ከዜሮ አትጀምርም

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ አንተና መላው ቤተሰብ ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? የፎቶግራፍ ሥራህ መቀዝቀዙንና ሁሉን ትተህ ከዜሮ ለመጀመር ማሰብህን የገለጽክበት ደብዳቤ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ለውጥ እንደሚያስፈልግህ አምናለሁ፤ ከዜሮ ትጀምራለህ በሚለው ግን አልስማማም።

በራስህ ሙያ የሆነውን ላንሣልህ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል፣ ማለትም ያለ ፊልም የሚሠራ፣ ካሜራ የሠራው የአሜሪካው የፎቶ ፊልም አምራች የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን ነበር፤ ይሁንና ኩባንያው ትርፉ ከፎቶ ፊልም ይገኝ ስለነበር ከዚያ መላቀቅ አቅቶት በጥር 2012 ከባለ ዕዳዎቹ ፍርድ ቤት እንዲከልለው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የጃፓኑ ፊልም አምራች ፉጂፊልም ግን የፊልም ገበያ ሲሸሸው፣ ፊልም መሥራት ምን እንዳስተማረው መረመረ። በፊልም ላይ የሚቀባው ጄላቲን የሚገኘው ከኮላጅን ነው፤ ኮላጅን ደግሞ የሰው ቆዳ ዋነኛ ፕሮቲን ነው። ፎቶ እንዳይደበዝዝ ሲባል ስለ ኦክሲዴሽን (ከኦክስጅን ጋር በመዋሃድ ስለሚመጣ ብልሽት) የተደረገው ምርምርም ለቆዳ የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ከዚህ ዕውቀት ተነሥቶ በ2007 አስታሊፍት የተባለ የቆዳ መንከባከቢያ ለገበያ አቀረበ፤ በሕክምናው ዘርፍም ተስፋፋ። ያም ሆኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራቸው ተፈናቅለዋልና ለውጡ ቀላል ነበር ልልህ አልችልም።

እኔም እዚህ ስመጣ የመምህርነት ማስረጃዬ ተቀባይነት አጥቶ በመጋዘን ዕቃ ስደረድር እንደነበር ታውቃለህ። አንድ ምሽት የሙያውን ስም ትቼ፣ ክፍል ውስጥ በየቀኑ አደርግ የነበረውን ብቻ በወረቀት ላይ አሰፈርኩ፦ ከባዱን ነገር ከፋፍሎ ማስረዳት፣ ያልገባውን ተማሪ ፊቱን አይቶ መለየት፣ ያው ጥያቄ ሲደጋገም ሳይሰለቹ መመለስ። ከዚያም አዲስ ሠራተኞችን እኔ ላለማምድ ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁ፤ ዛሬ የምተዳደረው በዚሁ ነው።

ከሥራው ይልቅ የከበደኝ የቤቱ ነው። «መምህር» መባሉ ቀርቶብኝ ልጆቼን ቀና ብዬ ማየት ተስኖኝ ነበር። ያቀናኝ በእነርሱ ፊት ተማሪ መሆኔ ነው፤ የዚህን አገር ቋንቋ የቤት ሥራዬን ማታ ማታ ትንሿ ልጄ በቀይ እስክሪብቶ ታርምልኛለች፤ እኔም በኩራት እቀበላታለሁ።

አንተ ካሜራ ፊት የሚደነግጠውን ሰው በሁለት ቃል ዘና ታደርጋለህ፤ የብርሃኑንም አቅጣጫ ገና ስትገባ ታውቀዋለህ። ዕቃቸውን በኢንተርኔት የሚሸጡ ነጋዴዎች ይህን ይፈልጋሉ፤ በስልካቸው አጭር ቪዲዮ ለመቅረጽ የሚለማመዱ ወጣቶችም እንዲሁ። ያለህን ገቢ ሳትቆርጥ በጎን ለአንድ ደንበኛ ሞክረው። የቆዩ ደንበኞችህንም ለምን አንተን እንደሚመርጡ ጠይቃቸውና መልሳቸውን እንዳለ ጻፍልኝ፤ አንተ እንደ ቀላል የምታየውን ችሎታ እነርሱ ያውቁታልና። እስከዚያው ካሜራህን ለመሸጥ ከተነጋገርከው ሰው ጋር ውል አትፈራረም።

ለእናታችን ጉልበቷን ስመህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ናፋቂህ ወንድምህ